መደላድል የማይበደርበት ግቢ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አሰላ ባለው ግቢዬ ከሚያድሩት የጋሪ ፈረሶች አንዱ ደረቱ ላይ አበጠ። እብጠቱ ከአተር አይበልጥም። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ነበረ፤ ሲዳሰስ በክር የተሰካ መቁጠሪያ ይመስላል። ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ ባለቤቱ ሽፈራው የሚባል ባለጋሪ።

"የጋሪው ዕቃ ልጦት ነው እትዬ ብርቄ፤ ቅባት ይበቃዋል" አለኝ።

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ የግቢውን ቁልፍ ለልጄ ለሰላማዊት አስረክቤያለሁ። ጉልበቴ ጭቃ አልችል ብሏል። ጡረታ የምለው ይህንኑ ነው፤ ደብዳቤም ደመወዝም የለውም። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ጋሪው ቀንሷል፤ ቢሆንም ከገጠር በፈረስ የሚመጣ ገበያተኛ አልጠፋም፤ ልጄም ሥራውን ወዳዋለች። "የምታውቂውን ጻፊልኝ" ስትለኝ ስለ ገለባ ጀመርኩ። ስለ ገለባ ስጽፍ ያ ክረምት መጣብኝ። ግቢው ዛሬ ያለውን ሥርዓት የያዘው ያኔ ስለሆነ፣ እሱን ሳልነግራት ሌላው ሁሉ አይገባትም።

ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሁሩታ በአንድ የእህል መጋዘን ተቀጥሬ ነበር። መጥረግና ጆንያ መስፋት ነው ሥራዬ። አለቃዬ ቁጡ ሰው ነበሩ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ከትተው እህሉ ይሙቅ አይሙቅ ያዩ ነበር። እርጥበት የነካው እህል ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ እንደሚግል ከሳቸው ተማርኩ። ቁጣቸውን ረስቼዋለሁ፤ ይህንን ግን እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ።

ባለቤቴ ባለጋሪ ነበር። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ በሕመም ዐረፈ፤ አሰላ ቤትና ሰፊ ግቢ ተወልኝ። መጋዘኑን ለቅቄ ገባሁ። ጓደኞቹ እሱ በሕይወት እያለ ፈረሶቻቸውን ግቢያችን ያሳድሩ ነበር። ሲሞት ይዘው መውጣቱን አፈሩ፤ እኔም ውጡ ማለቱን አፈርኩ። እንዲሁ ቀጠልን።

ይህንን ሥራ ያደረጉልኝ ኦቦ ቃሲም ናቸው። ከሳጉሬ ወዲያ ያሉ ስንዴ አራሽ ነበሩ፤ ፈረስ ይነግዱም ነበር። በገበያ ቀን መጋላ የሚሉትን ቀይ ፈረሳቸውን ግቢዬ አስረው ወደ ጉዳያቸው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ሲመለሱ ቆመው ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እነዚህ ሰዎች ፈረሳቸውን እዚህ የሚያሳድሩት ለሟቹ ብለው ነው፣ ለፈረሱ ብለው?"

"ለሟቹ ብለው ነው ኦቦ።"

"እንግዲያው ለፈረሱ ብለው እንዲያሳድሩ አድርጊ። ለሐዘን የሚመጣ ሰው ተዝካሩን በልቶ ይጠፋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ያስይዙኝ ነበር። መሬቱን ድንጋይ አስነጠፍኩ፤ ሽንቱ እንዲወርድ ወደ ታች በኩል ዘንበል አደረግነው። ረግረግ ላይ የሚያድር ፈረስ ሰኮናው ይበሰብሳል። ገለባና ድርቆሽ በጥር፣ አውድማው ሳይነሣ፣ ከበቆጂና ከሳጉሬ በመኪና አስመጥቼ ከመሬት ከፍ አድርጌ እከምራለሁ። ፉርሽካ ከዱቄት ፋብሪካ ይመጣል፤ ከመግዛቴ በፊት እጄን ጆንያው ውስጥ እከታለሁ። ከሥራ የገባ ፈረስ ላቡ ሳይበርድለት ውኃ አይሰጠውም፤ አስቀድሞ ገለባ፣ ቆይቶ ውኃ፣ ፉርሽካው መጨረሻ ላይ ታሽቶ። ወጪው ገለባ፣ ዘበኛ፣ ውኃና የትል መድኃኒት ነው። የአዳሩ ክፍያ እነዚህን ከሸፈነ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ትርፌ ለጓሮ አትክልት የሚሸጠው ፋንድያ ነበር። ልጆቼን በፋንድያ አስተማርኳቸው ብል ውሸት አይደለም።

ኦቦ ቃሲም ፈረስ ሲያዩ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆመው የትኛውን እግሩን እንደሚያሳርፍ ያያሉ። ቀጥሎ በኦሮምኛ ቀስ ብለው እያናገሩት ይጠጋሉ። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ ከመደላድሉ ሥር ይሰዳሉ። መደላድል የምንለው ኮርቻም ሆነ የጋሪው ዕቃ ቆዳውን እንዳይልጠው ከሥር የሚነጠፈውን ወፍራም ጨርቅ ነው። መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፤ ትንሽ ትኩሳት አይሰማውም፤ የእጅ ጀርባ ግን ይሰማዋል ይሉ ነበር። ከጀርባ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ፊት እግሩ ውስጥ በኩል ይወርዳሉ። ፈረሱ የኮራ ይሁን የከሳ፣ የሀብታም ይሁን የድሃ፣ ቅደም ተከተሉን አይለውጡም። እኔንም እንደዚያው አስተማሩኝ። ስቸኩል ካዩኝ እጄን ከፈረሱ ላይ አንሥተው ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር።

የእርጥብ መደላድልን ነገርም ያወቅሁት ከሳቸው ነው። የአሰላ ክረምት ጨርቅ አያደርቅም። እርጥብ መደላድል የጫኑበት ፈረስ ደግሞ ማታ ጀርባው ተገሽልጦ ይገባል። ስለዚህ ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ሠራሁ። መሃሏ ፍም ይቀመጣል፣ ከላይ ረጅም አግዳሚ እንጨት አለ። ባለጋሪዎቹ ማታ መደላድላቸውን እዚያ ላይ ይሰቅላሉ፤ ጠዋት ደረቅ ይዘው ይወጣሉ። በከተማው ሌላ ግቢ ይህ አልነበረም። ስሜን ያስጠራችው ያቺ ክፍል ናት።

ክፍሏ ልማድ አመጣች። የራሱ ያልደረቀለት ሰው የሌላውን ደረቅ ይወስዳል። "ያንተን ልውሰድ?" "ውሰድ፣ ምን ትጠይቃለህ!" መደላድል መከልከል ነውር ሆነ። ገበያተኛ ዝናብ መትቶት ከገባ፣ አንዱ ተነሥቶ የራሱን አውርዶ ፈረሱን ያለብስለታል። ይህንን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ክርስቲያኑና እስላሙ፣ የከተማውና የገጠሩ፣ አንድ እንጨት ላይ ሰቅለው ከአንድ እንጨት ያወርዳሉ።

የዳማ ደረት ያበጠ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ኦቦ ቃሲም ብስብስ ብለው ገቡ። ሽፈራው ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ኦቦ፣ መጋላማ ዋና ተምሮ ነው የመጣው!" ብሎ ከእንጨቱ ላይ የራሱን መደላድል አወረደ። እርጥቡን ገፎ ደረቁን አለበሰለት። ኦቦ ቃሲም መረቁት። እኔም በልቤ መረቅሁት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዳማ እብጠት እየፈነዳ መግል ያወጣ ጀመር። ከሥሩ ሌላ ረድፍ ወጣ። ሌሎች ሁለት ፈረሶችም ትከሻቸው ላይ ያችኑ መቁጠሪያ አበቀሉ። የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ፤ ልጄ የሚሆን ትሑት ወጣት ነው። ጓንት አድርጎ ዳሰሳቸውና ወደ ክፍሏ ገባ። የተሰቀሉትን አየ።

"እናቴ፣ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ አለው?" አለኝ።

"አለው። ግን ይበዳደራሉ።"

ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ በሽታው ተላላፊ መሆኑን፣ ከቁስል ወደ ቁስል በጨርቅና በእጅ እንደሚሄድ አስረዳኝ። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት አዮዲን ሊረዳ ይችላል፤ ከቆየ ግን ተስፋው ትንሽ ነው። "የታመሙትን ይለዩ። መደላድሎቹን በሙሉ ያቃጥሉ። ፈረስ ሲዳስሱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይሻገሩ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ" አለኝ።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ክፍሏ ውስጥ ቆሜ ያንን እንጨት አየሁት። ፈረሶቹን ከመገሽለጥ ያዳነው ደግነት፣ በሽታውን ከጀርባ ወደ ጀርባ ሲያዞር ከርሟል። ማንም ክፉ አልሠራም። ያም ሆኖ ነገሩ ካልቆመ ግቢው ይዘጋል፤ ልጆቼ የሚበሉበት፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ቤታቸውን የሚያስተዳድሩበት ፈረስ አንድ በአንድ ያልቃል። እመቤቴን ለመንኳት። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰብኩ።

መደላድሎቹ እንደሚቃጠሉ፣ በምትኩ ለእያንዳንዱ ፈረስ እኔ ራሴ ከጆንያ ሰፍቼ እንደምሰጥ፣ ከእንግዲህ ማንም ለማንም እንደማያውስ፣ ወደ ግቢው የሚገባ ፈረስ ሁሉ በር ላይ እየተዳሰሰ እንደሚገባ ነገርኳቸው። እብጠት የተገኘበት በበሩ አያልፍም።

ጉርምርምታው ለጉድ ነበር።

"እትዬ፣ ፈረስ ማሳደሪያውን ሆስፒታል አደረጉት እኮ!" አለ አንዱ።

"ሆስፒታል ቢሆንማ አንተን ነበር የማስተኛው፤ ሰክረህ ስትገባ" አልኩት። ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም።

"ሰው ቢለምነኝ የለኝም ልበል?" አለ ሌላው። "እላዬ ላይ አንጠልጥዬ? ክርስቲያን አይደለሁም?"

"የለኝም አትበል። ብርቄ ከለከለችኝ በል። ስሙን እኔ ልሸከመው።"

"ኦቦ ቃሲም ሲመጡስ?" አለ ከኋላ የቆመ። "እሳቸውንም በር ላይ ሊያቆሟቸው ነው?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"እሳቸውንም" አልኩ።

አላመኑኝም። በማግሥቱ ከባለጋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ፈረሳቸውን ይዘው ሌላ ግቢ ገቡ። የቀሩት መደላድላቸውን ለእሳት ሰጡ፤ አንዳንዱ አኩርፎ እየወረወረ። እኔ ጆንያ መስፋት የሁሩታ ሙያዬ ነው፤ ቀንም በሻማም እሰፋ ነበር።

የዳማ ነገር አልሆነም። በእኛ አገር ፈረስ አይታረድም፤ ገድሎ መገላገልም በደል ነው። ያልዳነ ፈረስ ልጓሙ ይወልቅና አስፋልት ዳር ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ሽፈራውም ልጓሙን ሊያወልቅ መጣ። ፊቱን አዙሮ ነው የሚያወልቀው።

"ተወው" አልኩት። "ከዚህ ግቢ የወጣ ፈረስ መንገድ ላይ አይጣልም።"

"የማይሠራ ፈረስ ማን ይቀልባል እትዬ?"

"እኔ።"

ከግቢው በታች፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ በሌላ በር የሚገባ ቦታ አጥሬ የታመሙትን ለየሁ። ባልዲያቸው ሌላ፣ ገለባቸው ሌላ፣ የሚያበላቸው ሰውም ሌላ። ሐኪሙ እየመጣ ያክማቸዋል። ዳማ ግን ቆይቶበት ነበር። ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ጠዋት ስደርስ ተኝቶ አገኘሁት። ሽፈራው ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ከሁለቱ ሌሎች አንዱም ተከተለ። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ጅብ የበላብኝ ፈረስ አለ፣ ሆዱ ነፍቶ የሞተ አለ። እንደዚያ ክረምት ግን እጄ ባዶ የቀረበት ጊዜ የለም።

ፍልሰታው ሳይፈታ፣ በገበያ ቀን፣ ኦቦ ቃሲም መጡ። ከሰኔ ወዲህ እርሻ ይዟቸው አልመጡም ነበር። ዝናቡ ይወርዳል። በካቦርታቸው ላይ ላስቲክ ደርበው፣ በመጋላ ላይ ተቀምጠው በሩ ጋ ቆሙ። ባለጋሪዎቹ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልለው ያያሉ። ጥለውኝ የሄዱትም ሳይቀሩ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል፤ ወሬው ደርሷቸው ነው።

"እንዴት አደርሽ ኢንተላ ኮ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ። በሩን አትከፍቺም? ዝናቡ እኮ እኔ ላይ ነው ያለው።"

"እከፍታለሁ ኦቦ። መጀመሪያ መጋላን ልዳስሰው።"

ከቆርቆሮው ሥር አንዱ ሳል ሳል አለ። ኦቦ ቃሲም አዩኝ። ወረዱና ልጓሙን ያዙልኝ።

ራቅ ብዬ ቆሜ እግሩን አየሁ። ተጠጋሁ። የእጄን ጀርባ ከመደላድሉ ሥር ሰደድኩ፤ ደህና ነው። ወደ ትከሻው ወረድኩ፤ ደህና ነው። ደረቱም ደህና ነው። ቶሎ ብዬ እዚያ ላይ ላቆም ፈለግሁ፤ እጄ ግን ለምዶ ወደ ፊት እግሩ ውስጥ በኩል ወረደ። እዚያ አገኘኋት። ጠንካራ፣ ትንሽ። ከሥሯ ሌላ።

ቀና ስል ኦቦ ቃሲም የሚያዩት እኔን ሳይሆን መንገዱን ነው።

"አለ?" አሉኝ።

"አለ ኦቦ።"

"ስንት ነው?"

"ሦስት።"

"እኔ ትናንት ሁለት ነው ያገኘሁት" አሉ። "የሽማግሌ እጅ ነው ብዬ እጄን አላመንኩትም። አንቺ አይተሽ የለም ትይኛለሽ ብዬ ነው የመጣሁት" አሉኝ።

ዝናብ ላይ ቆመናል። ለዚያ ሽማግሌ ዕዳዬ ብዙ ነው፤ የልጆቼ እንጀራ ከእጃቸው የወጣ ነው። በሩም ተዘግቷል።

"በዚህ በር አይገባም" አልኳቸው። "በታች በኩል ቦታ አለው። እኔው ወስጄ አስገባዋለሁ፣ እኔው አበላዋለሁ። ገና ጀማሪ ነው፤ ሐኪሙ ያየዋል።"

"ከተወለደ ጀምሮ ከሌላ ሰው እጅ በልቶ አያውቅም።"

"ከእኔ እጅ ሲበላ ኖሯል፤ በየገበያው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮርቻውን ፈቱ። መደላድሉን አውጥተው ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ መደላድሎቹ ወደተቃጠሉበት ጉድጓድ ወሰዱትና ጣሉት። ሲመለሱ የመጋላን ግንባር በመዳፋቸው ሸፍነው የሆነ ነገር በኦሮምኛ አሉት፤ አልሰማሁም፤ ለመስማትም አልሞከርኩም። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ዞሩ።

"እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "እኔን ያቆመች፣ እናንተን እየሳቀች የምታስገባ መሰላችሁ?"

ከቆርቆሮው ሥር ያሉትም፣ ማዶ የቆሙትም መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

"በምን ይሄዳሉ ኦቦ?" አልኳቸው።

"በሚኒባስ ነዋ። መጋላ ሲያየኝ እንዳይስቅብኝ ቶሎ ወስደሽ አስገቢው።"

ሄዱ። ኮርቻቸውን ለማጠብ እኔ ዘንድ ስላስቀሩት፣ ባዶ እጃቸውን ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ ከኋላ አየኋቸው። መጋላም አንገቱን አርዝሞ ያይ ነበር።

መጋላ ዳነ፤ ፈጣሪ ይመስገን። መኸር ሲገባ ኦቦ ቃሲም መጥተው ተቀምጠውበት ወደ ሳጉሬ ተመለሱ። ከታመሙት አራት የዳኑት እሱና አንድ ሌላ ብቻ ናቸው። ኦቦ ቃሲም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ለቅሷቸው ላይ ከዘመዶቻቸው መሃል ተቀምጬ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ግን ከዚህ አንዱንም አላውቅም። የማውቀው የመጀመሪያ መምህሬን ከበሬ መመለሴን ብቻ ነበር። ለመጋላ ገለባውን ሰጠሁት፤ አልበላም። ከጎኑ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ከእጄ ላይ ትንሽ ቀመሰ።

በማግሥቱ ኪዳን አድርሼ ስመለስ በሩ ላይ ሰልፍ አገኘሁ። ያልሄዱት ፈረሳቸውን ከግቢው አውጥተው ቆመዋል፤ የሄዱትም ተመልሰዋል። እያንዳንዱ ፈረሱን በእጁ ይዟል፤ የተመለሱት የሚቃጠለውን መደላድላቸውንም በብብታቸው ሸጉጠዋል። ከሁሉም ፊት ሽፈራው ጀሪካንና ሳሙና ይዞ ቆሟል።

"አንተ ምን ትሠራለህ? ፈረስ የለህ" አልኩት።

"ሐኪሙ በየፈረሱ መሃል ይታጠቡ አላለም? ይህንን ሁሉ ሰልፍ እየተመላለሱ ቧንቧ ድረስ ሊዘልቁት ነው?" አለኝ። "በሠርጌ እንኳ ይህን ያህል እጅ አላስታጠብኩም። ይዘርጉ።"

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ እጄንም ዘረጋሁ። ውኃው በረዶ ነው። የመጀመሪያውን ፈረስ ከጀርባው ጀምሬ እስከ እግሩ ዳሰስኩት። ደህና ነበር። በሩን ከፍቼ አስገባሁት፤ እንደገና ታጠብኩና ቀጣዩን ጠራሁ።